ግዛቸው ለግዛቸው የጻፉት ደብዳቤ

ጋሽ ግዛቸው ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመኪና ስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። የትኛው መኪና ማንን ጭኖ ወዴት እንደሚሄድ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፣ ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታሉ። ያለ እሳቸው ፊርማ ከግቢው አንዲት ጎማ አትወጣም። ማኅተሟንም ስለማያምኑ፣ ማለትም ሰውን ስለማያምኑ፣ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘዋት ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ይሄዳሉ። በቢሯቸው በር ላይ በገዛ እጃቸው የጻፉት ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «በመንግሥት መኪና ለግል ጉዳይ መሄድ በጥብቅ የተከለከለ ነው።» በመሥሪያ ቤቱ ይህን ከልቡ የሚያምን ሰው ቢፈለግ እሳቸው ብቻ ይገኙ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት ልጃቸው በዛወርቅ ጅማ ላይ ልትመረቅ ሆነ። እናቷ ካረፈች አራት ዓመት አልፏታል። ልጅቷ በስልክ፣ «አባባ፣ እማዬ ብትኖር ስሜ ሲጠራ እልል ትልልኝ ነበር። አንተ እንዳትቀርብኝ፤ እንደ ባዳ ዝም ተብዬ ከመድረክ እንዳልወርድ» አለቻቸው። ጋሽ ግዛቸው ስልኩን ዘግተው አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው መጓጓዣ መምረጥ ጀመሩ።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ፈጀ። አውቶቡሱ በጠዋት ይነሳል፤ ነገር ግን እጁን የዘረጋ ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ዳገት ላይም ይታመማል። አይሱዙ በዝናብ፣ በአዲስ ሙሉ ልብስ፣ አይታሰብም። የመሥሪያ ቤቱ ላንድክሩዘር ግን በዚያው ቅዳሜ ወደ ጅማ እንደሚወርድ ያውቃሉ፤ ስምሪቱን የፈረሙት ራሳቸው ናቸዋ! ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ለተሽከርካሪ ስምሪት ክፍል» ብለው ማመልከቻ ጻፉ፤ አመልካች፣ ግዛቸው። በማግስቱ ጠዋት ማመልከቻውን መዝግበው፣ አንብበው፣ መልስ ሰጡበት፦ «ጥያቄዎ ተመርምሮ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እንገልጻለን።» መልሱ ትንሽ ቅር አሰኛቸው። ቢያንስ ቃሉ ለስለስ ቢል ምን ነበረበት?

የቀረው ሚኒባስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ሲደርሱ ረዳቱ፣ «ጅማ! ጅማ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። በእርግጥም ሚኒባሱ ከአንድ ወንበር በቀር ጢም ብሏል። ጋሽ ግዛቸው ደስ ብሏቸው አውቶቡሱ በአጠገባቸው ሲወጣ እያዩ ገቡ። ገብተው ሲቀመጡ ስምንት ሰዎች ወረዱ። ሰው ሙሉ መኪና ይወዳል ተብሎ ለማስመሰል የተቀመጡ የመናኸሪያ ልጆች ነበሩ። ይህን ዘዴ በቦንጋ የማያውቅ የለም፤ አሥራ ስድስት ዓመት መኪና በወረቀት ላይ ብቻ ሲያሰማሩ ከኖሩት ሰው በቀር።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ሰው ወደ ቦንጋ ይገባል እንጂ ማን ይወጣል? ሁለት ሰዓት ሆነ። ምረቃው አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ መንገዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጋሽ ግዛቸው ወርደው መንገድ ዳር ቆሙ። የልጃቸው ስም ተጠርቶ አዳራሹ ጸጥ ሲል ታያቸው።

ላንድክሩዘሩ ጭቃ እየረጨ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ሹፌሩ ኢሳያስ አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ!»

ወረቀቱ ላይ «ለመስክ ክትትል፣ ሹፌርና አንድ ባለሙያ» ብለው ፈርመዋል። ከኋላ የተቀመጡት ባለሙያ መጋረጃ ሊገዙ የሚሄዱት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ባለቤት ነበሩ። ጋሽ ግዛቸው ማስታወቂያቸውን አሰቡ። ልጃቸውን አሰቡ። ገቡ።

ጎጀብ ድልድይ አጠገብ ፖሊስ አስቆማቸው።

«ወረቀቱ ሁለት ሰው ነው የሚለው። እኚህ ማን ናቸው?»

«እሳቸውም ባለሙያ ናቸው፣ ስማቸውን መጻፍ ረስተው ነው» አለ ኢሳያስ ቶሎ ብሎ።

«አልረሳሁም» አሉ ጋሽ ግዛቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጻፉ፦ «ሦስተኛ፣ ግዛቸው። ለግል ጉዳይ። ልጄ ትመረቃለች።» ፈረሙ። ማኅተሟን ከኪሳቸው አውጥተው እፍ ብለው መቱበት።

ፖሊሱ ጽሑፉን አላነበበም። ማኅተሙን አየና፣ «ይለፉ» አለ።

አምስት ሰዓት አልፎ አዳራሹ ሲደርሱ የክብር እንግዳው ስለ ልማት እየተናገሩ ነበር። ጋሽ ግዛቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ረጅም ንግግር እግዚአብሔርን አመሰገኑ። የበዛወርቅ ስም ሲጠራ ከኋላ ወንበር ተነሥተው፣ ክራቫታቸው ተንጋዶ፣ ሱሪያቸው በጭቃ ተዥጎርጉሮ፣ እልል አሉ። ድምፃቸው ሰለለ፤ ግን አላቋረጡም። ሰው ዞሮ እየሳቀ ተቀበላቸው። ልጅቷ መድረክ ላይ ቆማ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ግዛቸው ለአቶ ግዛቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ድርጊቱ እንዳይደገም አሳሰቡ፤ ተቀብለው ፈረሙ፤ ግልባጩን ከማኅደራቸው አያያዙ። ከደብዳቤው ግርጌ «አባሪ፦ አንድ ፎቶግራፍ» ይላል። ፎቶው ላይ ጥቁር ካባ የለበሰች ልጅ የአባቷን ክንድ ይዛ ትስቃለች።

ያንን ማኅደር በቀን ሁለት ጊዜ ያወጡታል። ኢሳያስ ለምን እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ ጉዳዩ ገና እየተጣራ ነው አሉት።