አሥራ ሁለት ከሃያ

ዳቪ ሴፋኮ ወደ ኮሌጃችን ሬጅስትራር ቢሮ በገባችበት ዕለት እኔ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጬ የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አገላብጥ ነበር። ከክፍል ውጭ የተሰጠኝ ሥራ ከድንበሩ ማዶ፣ ከቶጎዋ ሎሜ፣ የሚመጡ አመልካቾች የሚያቀርቧቸውን የኮርስ መግለጫዎች ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው። ለዚህ የተመረጥኩት ፈረንሳይኛዬ ከሌሎቹ ተማሪዎች ስለሚሻል ሳይሆን ድምፄ ስለማይሰማ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

«አንተ ልጅ፣ የድሮ ትምህርት የሚቆጠረው እዚህ ነው?» አለችኝ።

«አዎ… ማለቴ፣ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል? የምትሠራው እዚህ አይደለም እንዴ?»

አፈርኩ፤ ወንበር ሳብኩላት። ሴፋኮ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ከእርሷ ቀድሞ ክፍል የሚገባ ሴት ናት። ሎሜ ውስጥ ድንበሩን ተደግፎ በቆመው በኮጆቪያኮፔ ሰፈር ትኖራለች፤ በየማለዳው በእግሯ ተሻግራ በእኛ በኩል ባለ የግል ትምህርት ቤት ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ታስተምራለች። ሁሉም «ዳቪ»፣ ታላቅ እህታችን፣ ይላታል፤ ተማሪዎቿም፣ ርእሰ መምህሩም፣ በፈረንሳይኛ ጠይቀው ሁለቱም ወገን በሚናገረው በኤዌኛ የሚሸኟት የድንበር ጠባቂዎችም።

በወጣትነቷ ሎሜ በሚገኝ አንድ ተቋም ሁለት ዓመት ሒሳብ ተምራ መንትያ ልጆቿ ሲወለዱ አቋርጣለች። አሁን ትምህርት ቤቱ ዲፕሎማ የሌለው መምህር ክፍል ውስጥ እንዳይቆም ወስኗል፤ ለእርሷም የሁለት ዓመት ጊዜ ሰጥቷታል። የእኛ ኮሌጅ ፕሮግራም ደግሞ አራት ዓመት ይፈጃል። የቀድሞው ትምህርቷ ከተቆጠረላት እኔ ያለሁበት ሦስተኛ ዓመት ገብታ በጊዜው ትጨርሳለች፤ ካልተቆጠረላት ክፍሏን ለሌላ ሰው ታስረክባለች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ገና ሳልጠይቃት ነው።

ከዚያ ትራንስክሪፕቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና አንዱን መስመር በጣቷ ነካች።

«ይህችን እይልኝ። ስታቲስቲክስ፣ አሥራ ሁለት ከሃያ። ከክፍሉ የበለጠኝ የለም። የዚያን ቀን እናቴ ዶሮ አርዳ ጎረቤት ጠራች።»

የምትቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እርሷ ግን አልሳቀችም። በእኛ ኮሌጅ አሥራ ሁለት ከሃያ ያመጣ ተማሪ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል እንጂ ዶሮ አይታረድለትም። ከዚያ መስመር ከፍ ብዬ ሌሎቹን ውጤቶች ተመለከትኩ፤ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥር ተኩል፣ ፊዚክስ ላይ ስምንት። ወረቀቱን የያዘችበት ሁኔታና በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አልገጥም አሉኝ፤ ይህ አለመግጠም በውስጤ እንደ ጥያቄ ተቀመጠ።

ከሌላ ተቋም የመጣ ትምህርት ይቆጠር አይቆጠር ብለው ለኮሚቴው የሚያቀርቡት ሚስተር አግቤኮ ናቸው፤ እኔንም ስታቲስቲክስ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ጨዋና ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ማንንም ለማሳዘን ብለው ቃል አይናገሩም። የኮሌጁ ደንብ ከመቶ ስልሳ አምስት ያላነሰ ውጤት ይጠይቃል። ሚስተር አግቤኮ ሒሳብ ማሽናቸውን አወጡ፤ እያንዳንዱን ውጤት በአምስት አባዙ፤ ማሽኑን አስቀመጡ።

«ከዘጠኙ ኮርሶች አንዱም አላለፈም፣ እመቤት።»

«እንዴት ተደርጎ? እኔኮ የክፍሉ አንደኛ ነበርኩ፣ ሚስተር አግቤኮ!»

«የደካማ ክፍል አንደኛ መሆንም አለ።»

«ደካማ? ደካማ ይሉናል! በዚያ ዓመት ከግማሽ በላዩ ተማሪ ወድቆ ነው እኮ እኔ ያለፍኩት!»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አሉ በትሕትና።

ዳቪ ትራንስክሪፕቷን ወደ ራሷ ሳበች። በእርሷ ዘንድ የትምህርቱ ክብደት ማስረጃ የነበረው ነገር በዚህኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የድክመት ማስረጃ ሆኖ ተገኘ። ኮሚቴው ዓርብ ይሰበሰባል፤ እስከዚያ ውጤቷ ከእኛ ጋር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካቀረበች እንደሚታይላት ሚስተር አግቤኮ ነገሯት።

ስትወጣ ተከተልኳት። ይህ የእኔ ልማድ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ጉዳይ በር ላይ ሲደርስ እኔ ወደ መጽሐፌ እመለሳለሁ። በሩ አጠገብ አቦሎ የተባለውን በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ዳቦና የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ ከምትሸጠው ሴት ዘንድ ቆማ ትገዛ ነበር።

«ዳቪ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና… እውነት እናትሽ ዶሮ አርደዋል?»

ዞራ አየችኝ፤ ከዚያ ሻጯ እስክትደነግጥ ድረስ ሳቀች። «ይህን ለመጠየቅ ነው እየሮጥክ የመጣኸው? አዎ አርዳለች! አንተ የስታቲስቲክስ መምህሬን ሙሴ አዪቴን አታውቃቸውም። አሥራ ሁለት ከእርሳቸው እጅ መቀበል ማለት… እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

«ከዚያ በላይ ሰጥተው አያውቁም?»

«ሰው ሲያወራ አልሰማሁም።»

«ሃያ የሚያመጣ ወረቀትስ ምን ዓይነት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! አይተነው ብናውቅ እንነግርህ ነበር» ብላ አንዱን አቦሎ በቅጠሉ ሰጠችኝ። «ብላ፣ ቀጭን ነህ።»

ከሰዓት በኋላውን በቤተ መጻሕፍት አሳለፍኩ። አንዱ መጽሐፍ ውጤትን በአምስት አባዛ ይላል፤ ሌላው ሌላ ሰንጠረዥ ያቀርባል፤ ሦስተኛው ሁለቱም ስሕተት ናቸው ብሎ የራሱን አይሰጥም። የሦስቱም ጸሐፊዎች ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ በመሆናቸው የትኛውን እንደማምን አልወሰንኩም። ሆኖም አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም፤ ሁለቱ መምህራን አንድን ወረቀት ቢያርሙ ምን ይሰጡ ይሆን? ለሚስተር አግቤኮ መናገር አልደፈርኩም። በማግስቱ ለዳቪ ነገርኳት፤ ነገሩን ሳልጨርስ ክንዴን ይዛ ወደ ቢሯቸው ጎተተችኝ።

«ሚስተር አግቤኮ፣ ይህ ልጅ የሚለው ነገር አለው።»

«የለኝም» አልኩ።

«አለው! ተናገር እንጂ!»

እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ሚስተር አግቤኮ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ ወረቀት ምንም አያሳይም» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። እርሳቸው ግን ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር።

«ቢያንስ አምስት ያስፈልጋል። የተማሪው ስምና እኔ የሰጠሁት ውጤት ተሸፍኖ። ደካማም ጎበዝም የተቀላቀለበት።» ከዚያ ወደ መስኮቱ እያዩ ጨመሩ፤ «እውነት ምን ይሰጡ ይሆን?»

ያን ጊዜ እርሳቸውም እንደ እኔ መጠየቅ እንደያዛቸው ገባኝ።

ሙሴ አዪቴ («ሙሴ» በእነርሱ ዘንድ «ሚስተር» እንደማለት ነው) ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ዳቪ ቤታቸው ሄዳ የለመነቻቸውን እንዲህ ስትል አወራችልኝ፤ መጀመሪያ የእንግሊዞቹን፣ ማለትም የእኛን፣ ወረቀት አላርምም አሉ፤ ቀጥሎ ልጆቹ ምን ያህል እንደሚያውቁ ጠየቁ፤ በመጨረሻ ሸሚዛቸው እንዲተኮስ አዘዙ። ሐሙስ ጠዋት ድንበሩ ላይ ስንቀበላቸው በደረት ኪሳቸው የራሳቸውን ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ነበር።

«የት ነው የሚሄዱት፣ ፓፓ?» አላቸው የእኛ ጠባቂ።

«ላስተካክል።»

«ምኑን?»

«ገና አላየሁትም» ብለው አለፉ።

በሚስተር አግቤኮ ቢሮ ሻይ ቀረበላቸው፤ እየሠሩ እንደማይጠጡ ገልጸው ገፋ አደረጉት። አምስቱ ወረቀቶች የአንድ ፈተና መልሶች ናቸው፤ ጥያቄው በአንድ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር መረቦች ስለተያዘ ዓሣ አማካይና ስለ ልዩነቱ ነው። ከአምስቱ አንዱ የእኔ ነበር። ሰማንያ አራት ያገኘሁበት ወረቀት ነው፤ በመዝገበ ቃላቴ ውስጥ አስቀምጬ አልፎ አልፎ አየው ስለነበር ከሌሎቹ መካከል ስጨምረው እጄ ትንሽ ዘገየ።

ሙሴ አዪቴ አነበቡ። መልሰው አነበቡ። እስክሪብቷቸው በወረቀቱ ላይ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ ጥርሴን አሳከከኝ። ዳቪ ጥግ ላይ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ሲጨርሱ አምስት ቁጥሮች ጻፉ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ተኩል።

«ይህችን የጻፈው ማነው?» አሉ የመጨረሻዋን አንሥተው።

እጄን አወጣሁ።

«ክፉ አይደለም።»

ዳቪ ትከሻዬን መታችኝ። «ሰማህ? ክፉ አይደለም አሉህ! እኔን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው ያሉኝ!»

«ለዚህ ወረቀት አሥራ አንድ ተኩል?» አሉ ሚስተር አግቤኮ። «ይህ ልጅኮ ከክፍሌ አንደኛ ነው። ምን አጥፍቶ ነው?»

«አማካዩን ለምን እንደመረጠ አልተናገረም፤ ዝም ብሎ አሰላ። እዚህ ላይ የኪሎውን ምልክት ትቶታል። ይህ ድምዳሜ ደግሞ ባሕሩን ሁሉ ያጠቃልላል፤ የጠየቁት ስለ አንድ ማኅበር መረብ ነው። እርስዎ ስንት ሰጡት?»

«ሰማንያ አራት።»

«ሰማንያ አራት! ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ሊማር ይመጣል?»

«አሥራ አንድ ተኩል ከሰጡትስ ነገ የሚመጣ ይመስልዎታል?»

«ይቺ ከስንት ዓመት በኋላ መጣች አይደል?» አሉ ሙሴ አዪቴ፣ ወደ ዳቪ ሳይዞሩ።

ሚስተር አግቤኮ የራሳቸውን ውጤቶች ከሸፈናቸው ወረቀት አውጥተው ከሙሴ አዪቴ ቁጥሮች ጎን አሰፈሩ፤ ስልሳ ሁለት፣ ሰባ፣ ሰባ አምስት፣ ሰባ ስምንት፣ ሰማንያ አራት። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሁለቱ ሰዎች በአንድም ቁጥር አልተስማሙም፤ ነገር ግን የመጨረሻውን መጨረሻ፣ የመካከለኛውን መካከለኛ፣ የመጀመሪያውን መጀመሪያ አድርገዋል። አንድም ተማሪ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ቅደም ተከተሉ አንድ ነው» አሉ ቀስ ብለው። እርሳስ አንሥተው ነጥቦቹን በወረቀት ላይ አኖሩና መስመር አሰመሩባቸው። መስመሩን በጥቂቱ አስረዘሙት። «በዚህ መስመር ላይ የእርስዎ አሥራ ሁለት የእኔ ሰማንያ ስድስት አካባቢ ይሆናል።»

«እኔ ሰማንያ ስድስት ለማንም አልሰጠሁም» አሉ ሙሴ አዪቴ ቅር ብሏቸው።

ዓርብ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከዳቪ ጋር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የተለመደው ጨዋታዋ አልነበረም። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀና ትላለች።

«ካልሆነ ሰኞ ለልጆቹ ምን እላቸዋለሁ?» አለችኝ። «ክፍልፋይ ጀምረናል። መሐል ላይ ነን።»

የሚያጽናና ነገር ፈለግኩ፤ ያገኘሁት ሁሉ ከመጽሐፍ የተቀዳ መሰለኝ። እርሷ ቦርሳዋን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ጫማዋን አጠበቀች።

ሚስተር አግቤኮ ብቅ አሉ።

«ሰባቱ ተቆጥረዋል። አንደኛው ስለ ቶጎ የትምህርት ሕግ ስለሆነ እዚህ ቦታ የለውም። ፊዚክሱ ደግሞ ስምንት ነው፤ የእኛ መስመር ምንም ቢል፣ በራስዎ ተቋም ማለፊያው አሥር ስለሆነ ወድቀዋል።»

«እርሱን እኔም አልከራከርም! እና ሦስተኛ ዓመትስ?»

«ሦስተኛ ዓመት ይገባሉ። ፊዚክሱን ጎን ለጎን ይወስዳሉ።»

ዳቪ ሁለት እጆቿን ራሷ ላይ ጫነች፤ ቆየችና አወረደቻቸው። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ወዲያው ተመለሰላት።

«ስታቲስቲክሴስ ስንት ተብሎ ይመዘገባል? ሰማንያ ስድስት?»

«ከሌላ ተቋም ለመጣ ኮርስ ውጤት አይጻፍም። ‹ተቆጠረ› ተብሎ ብቻ ይመዘገባል።»

«ተቆጠረ ብቻ? የእኔ አሥራ ሁለትና የሌላው አሥር አንድ ሊሆኑ?»

«በእኛ መዝገብ፣ አዎ።»

«ሙሴ አዪቴ ይህን እንዳይሰሙ» አለች፤ ግማሽ ቀልድ፣ ግማሽ ቅሬታ ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን ከጭኔ አንሥታ ትምህርት ቤቷ ሳይዘጋ ለርእሰ መምህሩ ለመንገር ተቻኮለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«አንተ! ከመጪው ሳምንት ጀምሮ አንድ ክፍል ነን። ሚስተር አግቤኮ ከወረቀትህ ላይ አሥራ ስድስት ነጥብ በምን እንደቀነሱብህ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ሰማንያ አራቱን ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔው አውቃለሁ፤ የጎደለውን ግን አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም።

«ጠይቅና ንገረኝ» ብላ ወደ ፀሐዩ ወጣች። ሚስተር አግቤኮ ገና ኮሪደሩ ላይ ቆመው መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ እርሳቸው ተጠጋሁ።