የፀጉርና የጨው ክርክር

ሰዓት ሠሪውን ጎረቤቱ ሁሉ «ደረቁ» ይለዋል። የአየር እርጥበት የሚለካ መሣሪያ በገዛ እጁ እየሠራ ቤቱን ስለሞላው የወጣለት ስም ይመስላል። ሚስቱ ግን ስሙ ከመሣሪያዎቹ ይቀድማል ትላለች። ሰውየው አንዴ ካለ አለ ነው፤ ሰማይ ምድር ቢገለበጥ አይመለስም።

ዝናቡ ሲበረታ፣ ባሏ የሞተባት ታናሽ እህቱ ጣሪያዋ ስላፈሰሰባት የዘር ስንዴዋን አምጥታ ጓዳው አስቀመጠች። ዝናቡ ጋብ ሲል የምትዘራው እሱን ነው፤ ሌላ ዘር የላትም።

ሰዓት ሠሪው ከጆንያው አጠገብ ሁለት መሣሪያ አቆመ። አንዱ የሚስቱ ፀጉር ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፣ ጫፉ ላይ ያሰራት የሰዓት መርፌም ልኩን ታሳያለች። ሌላው ሚዛን ነው፤ በአንዱ ሳህን ጠጠር፣ በሌላው ጨው። ጨው ውሃ ሲስብ ይከብዳል።

የጨው ሳህን ቁልቁል ወረደ። መርፌዋ ግን «ደረቅ» ከሚለው ንቅንቅ አላለችም።

«ዘሩን አውጥተን ሳሎን እናስጣው፣ እሳትም እናንድድ» አለች ሚስቱ።

«በዚህ ዝናብ ከፈትነው ማለት እኛው አረጠብነው ማለት ነው። መርፌዋ አትዋሽም። ጨው የሚያውቀው ድስት ነው!»

«አይ ደረቁ! አንተን የሚያረጥብ ዝናብ ገና አልዘነበም።»

ተኳረፉ። እውነት ለመናገር ሚዛኑ አስፈርቶታል፤ በሰበብ አስባቡ ጓዳ ይመላለስ ጀመር። ግን ያቺን መርፌ ለማቆም ዓይኑ እስኪፈዝ ለፍቷል። የልፋቱን ልጅ ማን ይክዳል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መርፌዋን ሊያስተካክል ሲል ጣቱ ፀጉሩን ነካው። አሟለጨው።

«አንቺ! ይህን ፀጉር ስትሰጪኝ ቅባት ተቀብተሽ ነበር?»

«ሳልቀባ ውዬ አውቃለሁ እንዴ? ደግሞስ መቼ ጠየቅኸኝ?»

ክው አለ። ቅባቱ እርጥበቱን አላስገባ ብሎ ኖሯል። ጆንያውን ፈትቶ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። መሃሉ ይሞቃል። ሲያወጣው ሻጋታ ሸተተው።

ሳሎኑን አራግፈው ስንዴውን ወለሉ ላይ እየበተኑ ሳለ እህቱ ደረሰች። ጃንጥላዋን ሳታጥፍ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይበቅላል?»

«አላውቅም» አለ።

ሚስቱ ደንግጣ ቀና አለች፤ በትዳር ዘመኗ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። እህቱ ግን ያልሰማች ይመስል ደግማ ጠየቀችው።

«ይበቅላል፣ ጋሼ?»