ወደ ተራራው ያዞርኩት መቀመጫ

ይሄን እስከዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም አልተናገርኩም፣ ለጓደኞቼም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ጋ ስሄድ ቢራውን እናገራለሁ፣ ጾም መግደፌን እናገራለሁ፣ ውሸቱን በጅምላ እናገራለሁ። ይቺን ግን እንደ ትርፍ ብሎን ኪሴ ከትቼ እወጣለሁ። ዛሬ አወጣኋት። የምታነቡ ሰዎች፣ ለትንሽ ደቂቃ ቄስ ሁኑልኝ። መስቀል አያስፈልግም፣ ስሙኝ ብቻ።

ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም። ስድስተኛ ክፍልን ሁለቴ ሞከርኩት፣ ሁለቴም ስላልተግባባን ተለያየን። እንደማወራው ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ማን መሆኔን እወቁ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ሄዳችሁ «ሻወር የሚሠራ ጎበዝ ልጅ አለ?» በሉ። ወደኔ ነው የሚመሯችሁ። «ኢንጂነር» ይሉኛል። እርግጥ መጀመሪያ ያልኩት ራሴ ነኝ፤ ሰው ኋላ ተከተለኝ። እኔ የደረደርኩት ሴራሚክ ላይ ጉንዳን መስመሩን ይዛ ብትሄድ አትጠማዘዝም። ከእጄ የወጣ ቧንቧ ያንጠባጥባል የሚል ካለ ይምጣ፣ አብረን እንስቃለን። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ዋናው ግን ያደረግኩትን ባለማወቅ እንዳላደረግኩት እንድታውቁ ነው። እችል ነበር። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ቤቱ ቡራዩ ነው፣ የአዴ ወርቄ ቤት። አዴ እኛ ሰፈር ለትልቅ ሴት የምንለው ነው። ባለ አንድ ፎቅ፣ ሰፊ፣ ልጅና የልጅ ልጅ የሞላበት ቤት ነው። ዘጠኝ ሰው፣ አንድ ሻወር! ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ የሚኒባስ ሰልፍ ይመስላል። አንዱ ፎጣ አንገቱ ላይ፣ አንዱ ብሩሽ አፉ ውስጥ፣ አንዱ በሩን እየደበደበ «ውጣ እንጂ፣ ሞትክ እንዴ?»

አዴ ወርቄ በዚህ ሰልፍ ስንት ዓመት ኖረዋል፤ ግድም የላቸውም ነበር። ቤቱን ላፍርስ ያስባላቸው ሌላ ነው። ትልቁ ልጃቸው ለሚ ፎዚያን አገባ። ፎዚያ ሙስሊም ናት። እሳቸው ደግሞ ከማርያም ማኅበር አንድ ቀን ቀርተው የማያውቁ ሴት ናቸው። «ደጄን እንዳትረግጥ» አሉት። ሁለት ዓመት አልረገጠም። ከዛ ሴት ልጅ ተወለደችለት። አዴ ወርቄ ፎቶዋን በሰው ስልክ አዩ። በቃ። በሳምንቱ እኔን አስጠሩኝ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እያንዳንዱ መኝታ ቤት የራሱ መታጠቢያ ይኑረው። የለሚ ሚስት ልትመጣ ነው። በሰው ቤት ፎጣ ይዛ ወንድ መሀል ተሰልፋ አትቆምም።»

ያኔ ገባኝ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣ ብሏቸዋል፤ በሴራሚክ ሊሉት ነው።

እኔ ስልኬን አውጥቼ የሆቴል ሻወር ማሳየት ጀመርኩ። መስታወት ነው፣ መብራት ነው፣ ሰው የሚያስተኛ ገንዳ ነው።

«ይሄ ገንዳ በምን ይሞላል?»

«በውሃ ነዋ፣ አዴ።»

«በየትኛው ውሃ?»

ቡራዩ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም ደስ ካለው።  ስልኬን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት።

ከዛ ያደረጉትን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ከሰል ይዘው ሲሚንቶው ወለል ላይ ሻወሩን በሙሉ ልኩ ሳሉት። ለሽንት ቤቱ መቀመጫ የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጡ፣ ለእጅ መታጠቢያው ሳፋ የተገለበጠ ባልዲ ላይ አደረጉ። በሩን ደግሞ ራሳቸው ሆነው ቆሙ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጨርሰሃል።»

«አዴ፣ ገና አልጀመርኩም እኮ።»

«አንተ ወሬኛ! ተነስና እጅህን ታጠብ።»

ስነሳ ጉልበቴ ሳፋውን መታው፣ ባልዲው ተንከባለለ።

«አየህ? ስልክህ ውስጥ ጉልበት የለም» አሉ።

ቤተሰቡን ሁሉ በየተራ እንደዚህ አስቀመጡ፣ አስነሱ። ወፍራሙንም፣ ቀጭኑንም፣ ልጅ ያዘለችውንም። ከዛ ሳፋውን በስንዝር ገፉ፣ ወንበሩን ሳቡ። «በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ውስጥ ብወድቅ ሬሳዬ በሩን ገፍቶ ይይዝባችኋል።» «እዚህ ጥግ በርሜል ይቆማል፣ ከሥሩ ማፍሰሻ አድርግ። ውሃ በሌለበት ቀን ያማረ ቧንቧ ለማየት ነው?» ጎን ለጎን ያሉ የሁለት ክፍሎችን ሻወር በአንድ ግድግዳ ጀርባ ለጀርባ አደረጓቸው፣ ቱቦው አንድ እንዲሆን። ማንበብ አይችሉም። እኔ ስንት የተማረ ሰው የሳለው ፕላን ላይ ሠርቻለሁ፤ መቀመጫው ላይ ሆነህ በሩን በአፍንጫህ የምትከፍትበት ፕላን አለ። እንደሳቸው ያሰበ ግን አላየሁም።

ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። አንደኛው፣ የሚጸልዩበት ስዕል ካለበት ግድግዳ ጀርባ ሽንት ቤት እንዳላመጣ። ሁለተኛውን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለፎዚያ የተያዘው ክፍል ምድር ቤት ነው፤ እዛ ይዘውኝ ገቡ።

«ሐጂን ጠይቄያለሁ» አሉ። ሐጂ ወፍጮ ቤት ያላቸው ጎረቤታቸው ናቸው። «እነሱ ሲሰግዱ ወደዛ ተራራ ነው የሚዞሩት። ሽንት ቤት ሲቀመጡ ወደዛ ፊትም ጀርባም አይሰጡም። መቀመጫውን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው።»

«አዴ፣ ማን ያየዋል?»

«እኔስ ስዕሌን ማን ያይብኛል ብዬ ነው? ለኔ የከበደኝ ለሷም ይከብዳታል።»

ጎንበስ ብለው በከሰሉ ቀስት ሠሩ። ወደ ፀሐይ መውጫ የምታሳይ ጥቁር ቀስት። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ግድግዳ ይዘው ነው የተነሱት። ያንን ቀስት አይቻለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ። አላየሁም አልልም።

በማግስቱ ሆለታ የእህታቸው ልጅ ሞተና ለቅሶ ሄዱ። «ሦስት ቀን እቆያለሁ» አሉ። እኔ አፌ መቼ ያርፋል? «ሲመለሱ የፎዚያ ሻወር አልቆ በፎጣ ተጠቅልዬ ነው የምቀበልዎት» አልኳቸው። ሳቁ።

አሁን ወደ ነገሩ መጣሁ። የፍሳሽ ጉድጓዱ ከቤቱ ኋላ፣ ከፎዚያ ሻወር መስኮት በታች ነው። መቀመጫው መስኮቱ ሥር ቢሆን ቱቦው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አዴ ወርቄ እንዳሉት ከሆነ ግን ወለሉን ሌላ ሁለት ሜትር ቆፍሬ ቱቦውን ማዞር ነበረብኝ። መስኮቱ ሥር ያለው ደግሞ ፊቱ ቀጥታ ወደ ተራራው ነው።

ቀስቷ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ምን አሰብኩ? ስለ ፎዚያ አሰብኩ? አላሰብኩም። ስለ አዴ ወርቄ ጉልበት አሰብኩ? አላሰብኩም። «በሦስት ቀን እጨርሳለሁ ብያለሁ» ነው ያልኩት። «ደግሞ መስኮት ሥር ሲሆን ያምራል፣ ሆቴል ይመስላል» አልኩ። ቱቦውን መስኮቱ ሥር ቀበርኩት። ሲሚንቶ ሞላሁበት። ቀስቷን ራሴ ነኝ በሲሚንቶ የደፈንኳት። ሴራሚኩን ደረደርኩ። ሳላፍር ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዛ ያማረ ሴራሚክ ደርድሬ አላውቅም።

አዴ ወርቄ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ወደ ተራራው ነው እኮ የዞረው።»

እዛ ጋ «አጠፋሁ» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት። ሲሚንቶው ገና አልጠነከረም ነበር። እኔ ግን ስልኬን አወጣሁ። የአቅጣጫ መርፌ ያለበትን ከፍቼ አዟዟርኩት፣ ፊቴን እንደ ሐኪም ኮስተር አደረግኩ።

«አዴ፣ ሐጂ ተሳስተዋል። መካ ያለችው በፀሐይ መውጫ በኩል ነው። እርስዎ እንዳሉት ባደርገው ኖሮ ፊት ለፊቷ ነበር። ለዛ ነው ያስተካከልኩት።»

«ሐጂ ግን ሁልጊዜ ወደ ተራራው ሲሰግዱ አያለሁ።»

«ሐጂ እንዲህ ያለ ስልክ የላቸውም።»

ስልኩን አዩ። እኔን አዩ። «እንግዲህ አንተ የተማርክ ነህ» አሉ። እኔን! «ገለቶሚ፣ ኢልማ ኮ።» አመሰገኑኝ። ወጥተው ሄዱ። እኔ ደግሞ ሲሊኮን መቀባቴን ቀጠልኩ፣ እያፏጨሁ።

ፎዚያ በሳምንቱ መጣች። ልጅቷን አቅፋ፣ ለሚ ሻንጣ ተሸክሞ። እኔ ኮሪደር ላይ የመጨረሻውን ቧንቧ እያሰርኩ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አዴ ወርቄ ልጅቷን ተቀብለው ፊቷን በሙሉ ሳሙ። ከዛ የፎዚያን እጅ ይዘው ክፍሉን ሊያሳዩ ገቡ። እጇን ይዘው! ሁለት ዓመት ስሟን ያልጠሩ ሴት።

ፎዚያ ፈራ ተባ እያለች «በጣም ያምራል እማማ፣ በጣም» ትላለች። ከአንገት በላይ አልነበረም፤ ከልቧ ነበር። ከዛ አዴ ወርቄ የሻወሩን በር ከፈቱ። ወደ ውጭ የሚከፈተውን።

«መቀመጫው የዞረበትን አየሽ?» አሉ። ኩራታቸው ኮሪደር ድረስ ይሰማል። «እንዲህ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላዘዘም። ላንቺ ብዬ ነው።»

 ፎዚያ ወደ መስኮቱ፣ ወደ መቀመጫው፣ ወደ ተራራው በኩል አየች።

«አየሁ፣ እማማ» አለች።

ሁለት ቃል ናት። እንደዛ የቀዘቀዘ ድምፅ በክረምት ቧንቧ ውስጥም የለም።

ምሳ በሉ። ከምሳ በኋላ ለሚ እናቱን ግቢ ውስጥ ይዞ ወጣ። እኔ በርሜሉ አጠገብ ነበርኩ።

«እማ፣ ምን አደረገችሽ? መቀመጫውን ወደምትሰግድበት ወደ ቂብላ አዙረሽ ደግሞ ላንቺ ብዬ ነው ትያታለሽ? እንድትመጣ የለመንኳት ለዚህ ነው?»

አዴ ወርቄ ቀስ ብለው ዞረው እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ ገባቸው። ሁሉም ነገር፣ ስልኩም፣ መርፌውም፣ «ሐጂ ተሳስተዋል»ም። እኔ ምን አደረግኩ? በርሜሉ ውስጥ አየሁ። ባዶ በርሜል ውስጥ የሆነ ነገር እንደጠፋበት ሰው ተደፋሁ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ አዴ ወርቄ። «ሌላ ማንም አይደለም። አጣርቼ መጠየቅ ነበረብኝ።»

በቃ ይሄን ብቻ። ጣታቸውን ወደኔ ቢቀስሩ አለቀ፤ ለሚ በዛች ሰዓት በመዶሻዬ ይለኝ ነበር። አልቀሰሩም። ለምን? ለሚ ከሄደ በኋላ አጠገቤ ሲያልፉ «አንተ ገና ብዙ ሰው ቤት ትገባለህ» ነው ያሉኝ። አልጮሁም፣ አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ እንዴት በቀለለኝ!

ፎዚያና ለሚ በዛው ቀን ሳይመሽ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ፤ በሳምንቱ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ገቡ። ለበዓል ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ሳይመሽ ይሄዳሉ። ያ ክፍል ውስጥ አንድም ሌሊት አላደሩም።

ባለፈው አዴ ወርቄ የወጥ ቤት ቧንቧ አስቸግሯቸው ጠሩኝ። እኔን! ውሃውን ልዘጋ ምድር ቤት ስወርድ የዛ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገባሁ። ወለሉ ተፈልጦ እንደገና ተሠርቷል። ሴራሚኩ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፣ አንጣፊው እንደኔ አይችልም፣ መስመሩ ይዛነፋል። መቀመጫው ግን ወደ ፀሐይ መውጫ ዞሯል። ከጎኑ ንጹሕ ፎጣ ተጣጥፎ፣ የሕፃን ገንዳ ተደፍቶ ተቀምጧል። ማንም ያልተጠቀመበት ሻወር። ይሄን እስክጽፍ ድረስ ለሚም ፎዚያም አያውቁም። ተመልሳ ገብታ ስላላየችው እስከ ዛሬ እንደ ስድብ ይዛዋለች።

ዛሬ ሰው ቤት ስገባ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ? ከሰል አወጣለሁ፣ ወለሉ ላይ እስላለሁ፣ ባለቤቱን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጬ «አሁን ይነሱና እጅዎን ይታጠቡ» እላለሁ። ሰው ይገረማል። «ይሄን ከየት ተማርከው?» ሲሉኝ «ከራሴ» እላለሁ። እሱንም ጨምሩበት። የሴትየዋን ስም አበላሸሁ፣ ዕውቀታቸውን ደግሞ ሰረቅኩ። እሳቸው ግን አሁንም ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ጎበዝ ልጅ ነው፣ እሱን ጥሩት» ይላሉ።

ቱቦው ነው አልልም። ጊዜ አጥሮኝ ነው አልልም። አልተማርኩም አልልም፤ እሳቸውም አልተማሩም። ለኔ ይቅርታ የምትፈልጉ ከሆነ አትቸኩሉ፣ እኔ መጠበቅ እችላለሁ። እሳቸው ግን አሮጊት ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውም እያደገች ነው።

ይሄን ጽሑፍ ከናንተ በፊት ለለሚ ልኬለታለሁ። «ለፎዚያ አንብብላት» ብዬ። ማንበቡን አይቻለሁ፣ እስካሁን ግን አልመለሰልኝም። ይመልስ አይመልስ የሱ ነው። ፎዚያ፣ እማማ ያሉሽ እውነት ነው፤ ላንቺ ብለው ነበር። ያዞርኩት እኔ ነኝ።