የሶፋ ሠሪው ቅናትና የዳቦ ጋጋሪው ግጥም

ሶፋ ሠሪውን ሰፈሩ «ሚስማሩ» ይለዋል። ሲሠራ ትናንሽ ሚስማሮች በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ስለሚመታ፣ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ «እም» ነው። ልማዱ ቤትም ተከትሎት ገባ። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሚስቱ ውሎዋን ስታወራው «እም»፤ ያነበበችውን ስትተርክለት «እም»። እሷም የሚያዋራት ፍለጋ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ከሚሰበሰቡ አንባቢዎች ጋር ተቀላቀለች።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው በሚስቱ ወሬ ሦስተኛ ሰው ገባበት፤ ከአንባቢዎቹ አንዱ የሆነ ዳቦ ጋጋሪ። «ዳቦ ጋጋሪው እኮ፣ አጭር ልብወለድ ስታነቡ ያልተነገረውንም ጠይቁ አለ።» «ዳቦ ጋጋሪው ዛሬ ሲያነብ ብትሰማው!» የሚስማሩ ሆድ እንደ ሊጥ ይነፋ ጀመር። ሚስቱን ማጣት ማለት እንዲህ፣ በወሬ በወሬ የሚጀምር መሰለው። አንድ ቅዳሜ ሱቁን በጊዜ ዘጋና «እኔም እመጣለሁ» አለ።

«አንተ? የዛሬው እኮ ግጥም ነው።»

«ታዲያ ግጥም ቢሆንስ? ይበላኛል?»

አንባቢዎቹ አንድ ደንብ አላቸው። ከመካከላቸው የጻፈ ሰው ካለ ጽሑፉን ያነባል፤ ከዚያ ሌሎቹ ተወያይተው እስኪጨርሱ አፉን ይዘጋል። ግሩም ደንብ ነው። ደራሲው ቀድሞ ከተናገረ ሰዉ ግጥሙን ትቶ ደራሲውን ማንበብ ይጀምራላ። የዚያን ዕለት ተራው የዳቦ ጋጋሪው ነበር። ወረቀቱን አደለና አነበበ፦

የጫማዋን ድምፅ፣ ከሩቅ ለይቼ፣
እጠብቃታለሁ፣ ዓይኔን በር ላይ ትቼ።
እጇን አሟሙቃ፣ ግንባሬን ስትነካ፣
መድኃኒት መድኃኒት፣ ትሸታለች ለካ።
ጥርስ ባይተርፈኝም፣ እስቅላታለሁ፤
ቆዪልኝ እንዳልል፣ ልጄን እፈራለሁ።

ንባቡ «መድኃኒት» ላይ ሲደርስ የሚስማሩ ጆሮ ተደፈነ። የቀረውን አልሰማም።

«ይቺ ሴት የማን ሚስት ናት?» አለ።

ቤተ መጻሕፍቱን የምትመራው አሮጊት መነጽሯን አውልቃ አየችው። «ወንድሜ፣ እሱ ይቆየን። መጀመሪያ፣ ግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ማነው?»

«ያነበበው ነዋ። ይኸው ተቀምጧል።»

«ልብወለድ ውስጥ አንዱ ተነሥቶ ‹ሰው ገደልኩ› ቢል፣ ደራሲውን ለፖሊስ እንሰጠዋለን?»

«እሱማ ማንን እንደ ገደለ ታይቶ ነው» አለ ሚስማሩ። ክፍሉ ሳቀ፤ ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

«እንግዲያው ማስረጃ ከወረቀቱ ያምጡ» አለች አሮጊቷ። «ግጥም በአንድ ጊዜ አይነበብም። አንዴ ለጆሮ፣ አንዴ ተናጋሪውን ለመፈለግ፣ አንዴ ደግሞ ነገሩ የት ላይ እንደሚታጠፍ ለማየት ነው።»

ቅናት መጥፎ አማካሪ ነው፤ ነገር ግን እንደ ቀናተኛ ቃል የማያሳልፍ አንባቢ የለም። ሚስማሩ ወንጀል ፍለጋ ጣቱን ከእያንዳንዱ ስንኝ ሥር እየጎተተ ወረደ። አምስተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ቀና ብሎ ዳቦ ጋጋሪውን አየው።

«እስቲ አፍህን ክፈት።»

ዳቦ ጋጋሪው መናገር እንጂ አፍ መክፈት አልተከለከለምና ከፈተ። ጥርሱ ሙሉ ነው።

«ልጅ አለህ?»

ራሱን ነቀነቀ፤ የለውም።

ሚስማሩ ወረቀቱን እንደገና አየ። «የሚናገረው አልጋ የያዘ ሰው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አርጅቷል። ያለው ልጁ ቤት ነው። ልጁ... ጠያቂ ሲበዛ ደስ አይለውም መሰለኝ።»

እንዲህ ነው እንግዲህ! አንዲት «ጥርስ» የምትባል ቃል የፍቅረኛውን ግጥም ወስዳ የበሽተኛ ግጥም አደረገችው። ከላይ ያሉት ስንኞች አንድ ፊደል አልተቀየሩም፤ ትርጉማቸው ግን ተገለበጠ። አራቱን ሰምቶ የፈረደ ሰው ሌላ ግጥም ነው የሰማው።

አሮጊቷ ለዳቦ ጋጋሪው ፈቀደችለት። «የምትናገረው እናቴ ናት» አለ። «የምትፈራው ልጅ እኔ ነኝ።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚስማሩ ቀለል ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም። «እጅሽን አሟሙቀሽ ነው እንዴ ሰው የምትነኪው?» አለ።

«እናቱን አይቻት አላውቅም። ‹እኔ› ያለው ሁሉ ገጣሚው እንዳልሆነ ገባህ፤ ‹እሷ› ያላት ሁሉ እኔ እንዳልሆንኩ አልገባህም?»

«መድኃኒት ግን ትሸቻለሽ።»

«ጠዋት ጠዋት ዳቦም እሸታለሁ። ቁርስ የምበላ ሰው ነኝ።»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ምንድነው?» አላት።

«ተውኔት። ተከፋፍለን እናነባለን።»

«እሱ ይሻላል። ማን እንደሚናገር ፊት ለፊቱ ተጽፎልሻል።» ትንሽ አሰበ። «አንቺ ማንን ሆነሽ ነው የምታነቢው?»

«ሚስትየዋን።»

«ዳቦ ጋጋሪውስ?»

«ባሌን።»

ሚስማሩ ቆመ። «ባልየው ብዙ ይናገራል?»

«ምንም አይናገርም። ስታወራው ‹እም› ነው።»

«ታዲያ ለሱ ዳቦ ጋጋሪ ምን ያደርግላችኋል?» አለ፤ ወዲያውም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ዞረ። «አሮጊቷ ሳትዘጋ ልድረስባት።»