እስከ ዓርብ አራት ሰዓት

ያሰረኝ ፖሊስ ጨዋ ነበር። እጄን ከኋላ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሲያስረው «ጠበቀሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አይ፣ ኦኬ ነው» አልኩት። ፈገግ ሁሉ አልኩ። ጓደኞቼ ቪዲዮ እያነሱ ነበር።

ሚድታውን፣ አንድ ባንክ በር ላይ ነው። ግራጁዌት ካደረግኩ ሶስት ሳምንቴ ነበር። የወጣነው ስለ ልመና ያለውን ደንብ ለመቃወም ነው፤ ኤቲኤም አጠገብ፣ ባስ ማቆሚያ አጠገብ፣ ወረፋ የያዘ ሰው አጠገብ እጅህን ዘርግተህ ከጠየቅክ ትታሰራለህ የሚለውን። አስር ልጆች የወረቀት ኩባያ ይዘን ኤቲኤሙ ስር ተደርድረን ተቀመጥን፣ ያለፈውን ሁሉ «ሳንቲም አለህ?» ማለት ጀመርን። እንደሚያስሩን እናውቃለን። የተቀመጥነውም ለዛ ነው። የሎየራችን ስልክ ክንዳችን ላይ በማርከር ተጽፏል።

ሴሉ ውስጥ ግን ቪዲዮ የሚያነሳ የለም። ጓደኞቼን ሌላ ክፍል ወሰዷቸው። መጀመሪያ የመታኝ ብርዱ ነው፤ ኤሲው ስጋ ማቆያ አስመስሎታል። ከዛ ሽታው። በረኪና፣ ሽንት፣ ከጠዋት የተረፈ ሳንድዊች። የሲሚንቶ አግዳሚ፣ በር የሌለው የብረት ሽንት ቤት፣ ሰባት ሴቶች። የሽንት ቤት ወረቀት የለም። ወረቀቱ ውጪ፣ ኦፊሰሯ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትፈልጊ በሩ ላይ ያለችውን መስኮት አንኳክተሽ ትጠይቂያለሽ። ደስ ካላት ትቆርጥልሻለች። ደስ ካላላት «ትናንት ወስደሽ የለ?» ትልሻለች፣ ትናንት እዛ ባትኖሪም።

በልመና ታስረሽ ትገቢና ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በልመና ነው። ይሄ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ገባኝ። ጎበዝ ሀሳብ መሰለኝ። ስወጣ ፖስት የማደርገውን ዓረፍተ ነገር በጭንቅላቴ ማሳመር ጀመርኩ።

«የሀበሻ ልጅ ነሽ?»

ጥግ ላይ የተቀመጡ ሴትዮ ናቸው። ስልሳ ያለፋቸው፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ቀሚሱ ደረቱ ላይ ሁለት የመርፌ ቁልፍ ቀዳዳ።

«አዎ» አልኩ።

«ተመስገን። ያ ሰዓት ስንት ነው የሚለው? ከዚህ አይታየኝም።»

በበሩ መስታወት የኮሪደሩ ሰዓት ይታያል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። «አንድ ሊሆን ነው።»

«እኔን! ሶስት ሰዓት ቀረኝ።»

ከዛ ነገሩኝ። ማሪዬታ ቤዝመንት ተከራይተው አብረዋቸው የሚኖሩ ጓደኛ ነበሯቸው፤ ዲቪ ደርሷቸው ብቻቸውን የመጡ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር የነበሩ። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ሞቱ። ዘመድ የላቸውም፣ እድር አልገቡም። ሴትየዋ እድሩን ሄደው ሲጠይቁ «ላላዋጣ አንቀብርም፣ ደንብ ነው» ተባሉ። ካውንቲውም፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ደንብ አለው። እስከ ዓርብ ከሰዓት አራት ሰዓት ድረስ ሬሳውን እወስዳለሁ ብሎ የሚፈርም ከሌለ ይቃጠላል። ቀብር አስፈጻሚው ደግሞ ቀብዱ ካልሞላ ወረቀቱ ላይ አልፈርምም አለ። የጎደለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት የሟችን ፎቶ በመርፌ ቁልፍ ደረታቸው ላይ አያይዘው፣ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። አገር ቤት ቢሆን ማንም ዝም ብሎ አያልፍም። ፖሊሱ ሁለቴ ሂጂ አላቸው። ሁለቴም ፎቶውን አሳዩት።

«ሞልቶልኝ ነበር እኮ» አሉ። «ልሄድ ነጠላዬን ስሰበስብ ነው የያዘኝ።»

ነጠላውም፣ ገንዘቡም፣ ፎቶውም፣ ስልካቸውም ተወስዷል። የቀብር አስፈጻሚው ቁጥር ስልኩ ውስጥ ነው፣ የሌላውም ሰው ሁሉ። አንድም በቃላቸው አያውቁም።

«ለአንድ ደቂቃ ቢሰጡኝ በቃኝ። እስክወጣ አበድሮ፣ ሄዶ የሚያስፈርምልኝ ሰው አላጣም» አሉ። «አንቺስ ልጄ፣ በምን ያዙሽ?»

«በልመና።»

ፊታቸው ተለወጠ። ብርድ ልብሳቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። «ውይ የኔ ልጅ። ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ማንም አልሞተብኝም። ፕሮቴስት ነው።»

«ምንድነው እሱ?»

«ማለት… ሰልፍ። ደንቡን ለመቃወም። እንደ ለማኝ ሆነን ተቀመጥን።»

«ሳይቸግርሽ?»

«ሳይቸግረኝ።»

«ሳይቸግርሽ ለመንሽ» አሉ። አልተቆጡም።

ትንሽ ቆይተው ተነስተው በሩን አንኳኩ። መስኮቷ ተከፈተች። ኦፊሰሯ ሱፍ ትቆረጥማለች።

«ፎን፣ ፕሊዝ» አሉ። «ማይ ፎን።»

ኦፊሰሯ በምን እንደታሰርን የተጻፈበትን ወረቀት አየች፣ ከዛ እሳቸውን። «ኩባያሽን ረስተሽ መጣሽ?» ብላ ሳቀች። ከኋላዬ አንድ ሁለት ሴቶች አብረው ሳቁ። «መንገድ ላይ እንዴት ነበር የምትዪው? እስቲ አሳዪኝ። ልምድማ አለሽ።» ወደኔ ዞረች። «አንቺ፣ ንገሪያት።»

ነገርኳቸው። «ለምኚኝ ነው የምትልሽ» አልኩ። እርስዎ ማለት አፌ ላይ አይመጣልኝም ነበር፤ እናቴንም አንቺ ነው የምላት።

«ምን ብዬ?»

ሰዓቱን አየሁ። አንድ ተኩል አልፏል። «ኧረ በቃ በያት! አንድ ጊዜ ነው! ምን ይጎድልብሻል?»

እንደዛ ነው ያልኳቸው።

መጀመሪያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ከዛ በጉልበታቸው ወረዱ፣ እዛ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ። «ስለ እናትሽ» አሉ በአማርኛ። «ስለ ወለደችሽ። የሰው ሬሳ ሊቃጠልብኝ ነው። እግርሽን ልሳም።»

«ምንድነው የምትለው?» አለች ኦፊሰሯ።

አስተረጎምኩ። አንዱንም አልዘለልኩም።

የሱፍ ቅርፊት መዳፏ ላይ ተፋች። «ኖት ባድ» አለች። «ለዚህማ መንገድ ላይ ባገኛት ሳንቲም እጥልላት ነበር። ስልክ በተራ ነው።» ዘጋችው።

ከመጀመሪያውም በተራ ነበር። ቢለምኑም ባይለምኑም ያው ነው። ክንዳቸውን ይዤ ላነሳቸው ስል እጄን ቀስ አድርገው መለሱልኝና ብቻቸውን ተነሱ።

ሶስት ሰዓት ሊሞላ ሲል እኔ ተጠራሁ። ከሳቸው በኋላ ነው የገባሁት፤ ተራው በምን እንደሚሄድ እስካሁን አላውቅም። ከመውጣቴ በፊት የሟችን ስምና የቀብር አስፈጻሚውን ሰፈር ሶስቴ አስደገሙኝ።

አንድ ስልክ ነው የሚፈቀደው። እኔ ደግሞ የማውቀው ቁጥር ሁለት ነው፤ ክንዴ ላይ ያለውና የእናቴ። ሎየሯ አስር ሰው ይዛለች፣ አታነሳም ብዬ ገመትኩ። እናቴ ዓርብ ኦፍ ናት። ሊልበርን ቤቷ ናት፣ መኪና አላት፣ ሰው ሞተ ከተባለች ጫማዋን መኪና ውስጥ የምታደርግ ሰው ናት።

ደወልኩ። ማሽኑ ከ«ጢጥ» ድምፁ በኋላ ስምሽን ተናገሪ አለኝ። ስም ብቻ። እኔ ግን ጊዜ ማባከን አልወድም፤ መልእክቱን እዛው ላስገባው ብዬ «እማዬ እኔ ነኝ፣ አትዝጊው፣ ሰው ሞቶ—» ስል ቆረጠው።

እናቴ አነሳች። «ሄሎ?» ስትል ሰማኋት። ከኋላዋ ውሃ ይፈስሳል፣ ሳህን እያጠበች ነው። ማሽኑ ከእስር ቤት የተደወለ ነው፣ ለመቀበል አንድን ይጫኑ አላት። ከዛ የኔን ድምፅ አሰማት። «እማዬ እኔ ነኝ፣ አትዝጊው፣ ሰው ሞቶ—»

ውሃው ቆመ።

«በኢየሱስ ስም!» አለች። «እናንተ ሌቦች! ልጄማ ኢንተርቪው ላይ ናት!»

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። አንድን እስክትጫን ድረስ አትሰማኝም። ዘጋችው።

ኢንተርቪው አለኝ ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ። እንድትዘጋውም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ቸርች ውስጥ አንዲት እህት እንደዚህ ተጭበርብራ ነበር፤ የልጇን ድምፅ በኤአይ ሰርተው «እማዬ ታስሬያለሁ» አስባሉት። የዛን ቀን እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ «የኔን ድምፅ እንኳን ብትሰሚ እንዳታምኚ፣ ዝጊው» አልኳት። እኔ ሌባዋን እየሆንኩ፣ እሷ እየዘጋች፣ ሁለታችንም እየሳቅን ተለማመድነው።

«አንዴ ልድገመው» አልኳት ኦፊሰሯን።

«አንድ ነው የተፈቀደልሽ።»

«ፕሊዝ» አልኩ። «ፕሊዝ፣ የሰው ሬሳ ነው። ፕሊዝ።» ድምፄ ሲቀጥን ለራሴ ተሰማኝ። ጠዋት ባንኩ በር ላይ እንደዚህ አልነበረም።

«አንቺም ኩባያ ያስፈልግሻል» አለችኝ።

ስመለስ ሴትየዋ ቆመው ነው የጠበቁኝ። «አነሳች?»

«አነሳች» አልኩ። «ሌባ መስያት ዘጋችብኝ።»

«ብልህ እናት ናት» አሉ። ተቀመጡ።

በሩ አጠገብ ቆሜ ሰዓቱን ማየት ቀጠልኩ። እሳቸው ሰዓቱን አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። ግን እኔ ባየሁ ቁጥር ፊቴን ያነቡ ነበር። ሶስት ተኩል። አስር ጉዳይ። አምስት ጉዳይ። አራት ሲሞላ አንገቴን ደፋሁ፣ በቃ ገባቸው።

ተነሱ። ሽንት ቤቱ ላይ ካለችው ቧንቧ ውሃ ቀድተው ፊታቸውን ታጠቡ። ከዛ ብርድ ልብሳቸውን ዘረጉት። ግራጫ የእስር ቤት ብርድ ልብስ ነው፣ አንዱ ጫፉ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። መስመሩን በጣታቸው ፈለጉት፣ አገላብጠው ወደ ላይ አደረጉት፣ አንገታቸው ስር አምጥተው ተከናነቡት። ነጠላ እንደሚዘቀዘቅ። ለቅሶ ቤት የምናደርገውን አደረጉት፣ በዛ ጨርቅ። ቆመው ቀሩ። ድምፅ አውጥተው አላለቀሱም፤ የተኙ ሴቶች ነበሩ።

አንገቷ ላይ ቢራቢሮ የተነቀሰች፣ ከኦፊሰሯ ጋር ስቃ የነበረች ልጅ «ምን እየሆነች ነው?» አለችኝ።

«ሰው ሞቶባት ነው። እኛ ጋ እንደዚህ ነው የሚለበሰው።»

ልጅቷ የራሷን ብርድ ልብስ አየች። መስመሩ በየት በኩል እንደሆነ መፈለግ ጀመረች። እኔም የኔን።

መስኮቷ ተከፈተች። «ሄይ! ብርድ ልብስ በጭንቅላት አይጠቀለልም። አውርጂው። ቅድም የሽንት ቤት ወረቀት ጠይቀሽኝ የለ? ፕሊዝ በይና አውርጂው፣ እሰጥሻለሁ።»

ሴትየዋ ዞረው አዩዋት። «ኖ ሞር ፕሊዝ» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ፊታቸውን መለሱ።

ኦፊሰሯ ገብታ ገፈፈቻቸው። ሶስታችንንም። ሌሊቱን ያለ ብርድ ልብስ እንዳደሩ በኋላ ሰማሁ፤ እኔ ግን አመሻሽ ላይ ተፈታሁ።

ስጠራ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። በረዶ ነበር እጃቸው። «ልጄ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። እሷ ምን ታድርግ።»

«እሺ» አልኩ።

ውጪ ሎየሯ ቆማለች። «ቀኑን ሙሉ ስልኩ ስር ነበርኩ፣ ለምን አልደወልሽም?» አለችኝ። እናቴ ልትወስደኝ መጣች። ገና ሀይዌይ ሳንገባ ነገርኳት። ለስለስ አድርጌ እንኳን አልነበረም። «አንቺ ስለዘጋሽው ሰው ሊቃጠል ነው» አልኳት። ፍሬቻ አሳይታ መንገድ ዳር ወጣች፣ ሀዛርዱን አበራች፣ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ኢንተርቪው ብለሽ ዋሽተሽኝ የለ ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

ቅዳሜ ሄድን፣ የካውንቲው ቢሮ ዝግ ነው። ሰኞ ሴትየዋ ዳኛ ፊት ቀርበው «ጥፋተኛ ነኝ» ብለው ወጡ፤ ልከራከርልዎ ያላቸውን ሎየር «ለምን ብዬ» አሉት። አብረን ሄድን። የሟችን አመድ የጫማ ካርቶን በሚያህል ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ሰጡን፣ ስማቸው በስህተት ተጽፎበት። እናቴ ቁልፉን ለኔ ሰጥታኝ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሳጥኑን ታቅፋ። ማሪዬታ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ወዴት ዞሮ እንደሚያለቅስ ጠፍቶት ነበር።

የኛ ክስ ተሰረዘ። ቪዲዮውን ብዙ ሰው አየው። አሁን ስራ ይዣለሁ፣ እዛው ሚድታውን፣ በዛ ባንክ በር በየቀኑ አልፋለሁ። ያቺን ያሳመርኳትን ዓረፍተ ነገር ፖስት አላደረግኳትም።

እናቴ የማታውቀውን ቁጥር ሁሉ ታነሳለች። የመኪና ዋራንቲ የሚሸጡትን፣ ሽልማት ደርሶሻል የሚሉትን፣ ዝም ብለው የሚተነፍሱትን። አንዴ ተጭበርብራለች፤ ምንም አላልኳትም። እሁድ ምሳ ላይ እጇ ወጥ ነክቶት እንኳን በክርኗ ስፒከር ታደርገዋለች። «ሄሎ? እየሰማሁ ነው፣ ማን ልበል?» ትላለች። እኛ መብላት እናቆማለን። ማሽኑ ተናግሮ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። አንድን ይጫኑ ካለ፣ ትጫናለች።