ማዶውን ማን ያዘልኝ?

ለፍኖተ ሰላምና አካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ በቤቴ ረግቦ የከረመው የጠፍር አልጋ ዛሬ ጠዋት ታድሶ መጠናቀቁን በታላቅ ደስታ አበሥራለሁ።

ጠፍር መወጠር ለአንድ ሰው አይሆንም። እርጥቡን ቆዳ አንዱ ሲስብ ሌላው ከማዶ ይዞ ካልቆመ፣ መሐሉ ይሰረጉድና የተኛውን ሰው መሬት ያስነካዋል። ስለዚህ ልጄ ጌታነህ ከቡሬ መጥቶ ማዶውን ያዘልኝ።

«አባባ፣ ይህን አሮጌ ጥለው አዲስ ቢገዙ ምናለ?»

«አንተስ መላጣ ሆነህ የለም እንዴ? ጣልኩህ?»

«ኧረ ቶሎ ይሳቡ፣ እጄ አለቀ!»

«የቢሮ እጅ! በል ጠበቅ አድርገህ ያዝ።»

«ይዣለሁ አባባ።»

ሲያልቅ ቁጭ አልኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ለእንግዳ ማደሪያ አለኝ። የጠፋው እንግዳው ነው።

እናንተስ ከአባታችሁ ጋር ምን ሠርታችኋል? ጻፉልኝ፤ ቤቱ ጭር ብሏል፣ ሁሉንም አነባለሁ።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። ጌታነህ አልመጣም። የተሰዳደብነው በስልክ ነው፤ ማዶውን የያዘልኝም ጠፍሩን ያሰርኩበት የቤቱ ምሰሶ ነው።

«ይዣለሁ አባባ» ያለኝ ግን እውነት ነው። እዚያው ቡሬ ሆኖ፣ ስልኩን።