አህያዪቱን ያስጾምኩበት ክረምት

በ1996 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ልጄን ከፍላቂት ማዶ ከዳርኳት ዓመት ሞልቶ ነበር። የገባችበት ቤት አህያ የለውም፤ ውኃም እህልም በጀርባዋ ነው የምታመላልሰው። በሠርጓ ጊዜ «ውርንጭላ እሰጥሻለሁ» ብያት ነበር። ያለችን አንዲት አህያ ደግሞ እያረጀች ነበር። በዚያ ክረምት ካልጸነሰች ቃሌን የምፈጽምበት ሌላ ዓመት የሚኖር አልመሰለኝም።

ዝናቡ ሣሩን ሲያበቅለው የአህያዪቱ ጠባይ ተለወጠ፤ ወንድ ፈለገች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ባዶ አፏን ታላምጣለች፤ ለሐጯ ይወርዳል፤ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች። ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ፣ ያልተኮላሸ ወንድ አህያ አላቸው። ያ ድንጉላ በደጃችን ሲያልፍ የሸናችበትን ያሸታል፤ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ከንፈሩን ገልብጦ እንደሚስቅ ሰው ይቆማል። ከዚያ አገር እስኪሰማ ያናፋል።

እኔ አፈርኩ። በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳል፤ ካህናቱና ቆራቢዎቹ ለቅዳሴ የሚሄዱት በዚያው ነው። በእመቤታችን ጾም እንዲህ ያለ ነገር በደጄ አይታይም፤ ሲፈታ ይደርሳል ብዬ አህያዪቱን ከጓሮ አሰርኳት። የሸናችበት ላይ በየጧቱ አመድ እነሰንሳለሁ፤ ፋንድያዋን ጠርጌ ማሳ እወስዳለሁ። በሦስተኛው ቀን ድንጉላው ዝም ብሎ አለፈ። ደስ አለኝ።

ጾሙ ሲፈታ አህያዪቱን እየነዳሁ ወደ ሽማግሌው ደጅ ወሰድኳት። ድንጉላው ቀረብ ሲላት ደረቱን በርግጫ አለችው።

«ምን አድርገሻት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ።

«በሽንቷ ስትጠራው አንቺ በአመድ አፈንሽባት! ጊዜዋ አለፈ።»

«ጾም ነው ብዬ ነው፣ አባቴ። የነነዌ ከብቶችስ ጾመው የለ?»

«እነዚያማ ሦስት ቀን ነው የጾሙት። ያንቺዪቱ ሱባኤ ገባች እኮ!»

እኔ አልሳቅኩም። የታየኝ የልጄ ጀርባ ነው። ፊቴን አይተው መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መልሳ ትፈልጋለች። ሣሩ ገና አላለቀም። ብቻ ደጅሽን አትጥረጊ፤ አደራ።»

አህያዪቱን ወደ ደጅ መለስኳት፤ አልጠረግኩም። ሰው ሁሉ ለዘመን መለወጫ ደጁን ሲያሰማምር የእኔ ደጅ ፋንድያ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ እያለፈች፣ «ዘንድሮ መጥረጊያ ጠፋ እንዴ፣ እቴ?» አለችኝ። ልጄ ከቤት ሳለች ደጁን የምትጠርግ እሷ ነበረች። ገና ከመደቤ ሳልነሳ የመጥረጊያዋን ድምፅ እሰማ ነበር። ከናፍቆቷ ሁሉ ያ ድምፅ በረታብኝ።

በጳጉሜን ሩፋኤል ዝናቡን ተጠመቅን። በበነጋው አህያዪቱ አፏን ማላመጥ ጀመረች። ድንጉላው መንገዱን ትቶ ወደ ደጃችን ገባ። አሸተተ፤ ከንፈሩን ገለበጠ። በዚህ ጊዜ አልረገጠችውም፤ ጸጥ ብላ ቆመችለት። እኔ ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሼ «ተመስገኚ፣ እመቤቴ» አልኩ። መጽነስ አለመጽነሷን ገና አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጧት ጭነት አላስነካኋትም። የቻልኩትን ያህል ገብስ በራሴ ጀርባ አዝዬ ወደ ልጄ መንገድ ጀመርኩ።